ከለገሐር እስከ አቡነ ጴጥሮስ፦ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአንድ ጎዳና ላይ

ከለገሐር ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣ ሰው፣ ልብ ብሎ ካየ፣ የባለቅኔው የሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንን አራት ታሪካዊ ተውኔቶች በእግሩ ያልፋቸዋል። ከታች በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ፊት የይሁዳ አንበሳ ቆሟል፤ ይህ አንበሳ በወረራው ዘመን ተነቅሎ ወደ ሮም የተወሰደውና፣ እንደሚተረከው፣ ዘርዓይ ደረስ በሮም ተማርኮ ቆሞ ባየው ጊዜ ሰይፍ የመዘዘለት አንበሳ ነው። ዳገቱን ጥቂት እንደወጡ ቴዎድሮስ አደባባይ መካከል የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ይታያል። ጎዳናው ማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ሲደርስ ደግሞ በአንድ ወገን በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ዳግማዊ ምኒልክ በፈረሳቸው ላይ፣ በሌላ ወገን ወደ መርካቶ በሚወስደው መንገድ አቡነ ጴጥሮስ በመስቀላቸው ቆመዋል። ጸጋዬ «ዘርዓይ ደረስ»ን፣ «ቴዎድሮስ»ን፣ «ምኒልክ»ን እና «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት»ን ጽፏል። እነዚህን ሥራዎች ያዘጋጅበት የነበረው ብሔራዊ ቴአትርም ከዚያው ጎዳና ግርጌ ጥቂት እርምጃ ገባ ብሎ ይገኛል።

እኔ የምውለው በዚህ አካባቢ ስለሆነ ጎዳናውን ደጋግሜ እወጣዋለሁ፣ እወርደዋለሁ። ብዙ ጊዜ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ሐውልት ያቆመው መንግሥት ነው፣ ቴአትር ቤቱንም የሠራውና የሚያስተዳድረው መንግሥት ነው፤ ታዲያ ያ ሰው በዚያ ቤት ውስጥ ተቀምጦ፣ በዚያ ቤት ደመወዝ እየኖረ፣ ስለ እነዚያው ሰዎች ሲጽፍ ሐውልቱን በቃል ከመድገም እንዴት ዳነ? የማኅበረሰቡን ችግር የራሱ ጉዳይ ያደረገ ጸሐፊ ስንል ብዙውን ጊዜ የምናስበው ከደጅ ቆሞ የሚጮኸውን ነው። ጸጋዬ ግን ዕድሜውን ሙሉ የኖረው ከደጁ ወዲያ ሳይሆን ከመጋረጃው ጀርባ ነበር። የሥራውም ክብደት፣ በእኔ እምነት፣ የሚገኘው ከዚያ ነው፤ በመንግሥት መድረክ ላይ ቆሞ ባለ ሥልጣኑንም፣ ጀግናውንም፣ ተራውንም ሰው ጠያቂ ፊት አቀረበ።

ነገሩ ከሁሉ ጎልቶ የሚታየኝ በአቡነ ጴጥሮስ ላይ ነው። አቡኑ በአዲስ አበባ አደባባይ በጥይት የተደበደቡት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ጸጋዬ ደግሞ አምቦ አቅራቢያ ቦዳ በተባለች ቦታ የተወለደው በዚያው ክረምት፣ በነሐሴ ወር፣ ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ነበር። ጣሊያን ዋና ከተማውን ከያዘ ገና አራተኛው ወር ነው። ስለዚህ የእሱ ትውልድ የአቡኑን ሞት የሰማው በአባቶቹ ቁስል ውስጥ ሆኖ ነው፤ ቁስል ያለበት ሰው ደግሞ ጀግናው እንከን የሌለው ሆኖ እንዲተረክለት ይፈልጋል። ጸጋዬ ግን በግጥሙም በተውኔቱም የመረጠው ሌላ ነው። የእሱ ጴጥሮስ በዚያች ሰዓት መጀመሪያ የሚከራከሩት ከጣሊያን ጋር አይደለም፤ ከእመቤታችን ጋር ነው። በኢትዮጵያ ላይ ስለምን እንደጨከነች፣ ስለምን እንደረሳቻት ይሞግቷታል። ከዚያም ብቻቸውን እንደሆኑና እንደፈሩ በገዛ አንደበታቸው ይናገራሉ።

ፊደል ያልቆጠረች አክስት ነበረችኝ። በአንድ የመታሰቢያ ቀን ይህ ግጥም በሬዲዮ ሲነበብ ቡና እያፈላች ትሰማ ነበር፤ ሲያልቅ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገችና «ፈራሁ ማለታቸው ነው ያስለቀሰኝ፤ ሳይፈሩ ቢሞቱማ ምን ይደንቃል» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ጸጋዬ የተጻፈ ትንታኔ ሳነብ ሁሉ የእሷን ንግግር ሚዛን አድርጌ እይዘዋለሁ። ሐውልቱ የአቡኑን ጽናት ያሳየናል፤ ተውኔቱ ግን ያ ጽናት የተገዛበትን ዋጋ ያሳያል። ሐውልቱ በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መስመር ሥራ ከስፍራው ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሷል፤ መነሣቱ ብዙ ሰው አስከፍቶ ነበር። በዚያ መካከል በነበሩት ዓመታት ባዶውን አደባባይ ሳልፍ የአቡኑ ቃል በልጅነታችን በትምህርት ቤት መድረክ ስንወጣ ያጠናነው የጸጋዬ ግጥም ሆኖ ይመጣብኝ ነበር።

የሕይወቱን መንገድ ባጭሩ ላንሣ። አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ አማራ ናቸው፤ በሁለቱም ቋንቋዎች ውስጥ አድጓል፣ ግእዝም በቤተ ክህነት ተምሯል። አምቦ ተማሪ ሳለ በጥንቱ የሰራኩስ ገዢ በዲዮናስዮስ ላይ ተመሥርቶ የጻፈው ተውኔት በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ታይቷል። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በጄኔራል ዊንጌትና በንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተማረ፤ ቺካጎ በሚገኘው ብላክስቶን የሕግ ትምህርት ቤት ሕግ አጥንቶ ከተመለሰ በኋላ በዩኔስኮ ድጋፍ ለንደን ሮያል ኮርት ቴአትርን፣ ፓሪስ ደግሞ ኮሜዲ ፍራንሴዝን ቀርቦ የመመልከት ዕድል አገኘ። የሕግ ትምህርቱ ለቴአትሩ ምን እንደጠቀመ ሲነገር ብዙም አልሰማሁም፤ እኔ ግን በተውኔቶቹ ውስጥ የማየው ችሎት ነው። ሰዎቹ ተሟጋቾች ናቸው፤ አንዱ ክሱን ያቀርባል፣ ሌላው መልስ ይሰጣል፣ ፍርዱ ግን ከመድረክ ላይ አይሰጥም።

የአዲስ አበባ መድረክ ለእንዲህ ዓይነቱ ሙግት የተመቸ ሆኖ አያውቅም። የመጀመሪያው የአማርኛ ዘመናዊ ተውኔት የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜድያ» ነው፤ በ1910ዎቹ በዚህችው ከተማ ሲታይ በእንስሳት ተረት አማካይነት የመኳንንቱን ጉቦና የአስተዳደሩን ብልሹነት ስለነካ፣ ቤተ መንግሥቱ ተቆጥቶ ቴአትር ለዓመታት ታገደ። የአገራችን ቴአትር ገና ሲወለድ የተማረው ትምህርት ይኸው ነው። ጸጋዬ በኋላ በኪነ ጥበብ ዲሬክተርነት የመራው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም ጣሊያን ሲኒማ ቤት ብሎ የጀመረው ሕንፃ ሲሆን፣ በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱን የ25 ዓመት የዘውድ በዓል ምክንያት በማድረግ ተመረቀ። ከፊቱ ያለውን የድንጋይ አንበሳ የሠራው ሞሪስ ካልካ የተባለ ፈረንሳዊ ቀራጺ ነው። ቤቱ የንጉሡ ስም ነበረበት፣ የሚታየውም ጽሑፍ አስቀድሞ በሳንሱር ዓይን ያልፍ ነበር።

ጸጋዬ በዚህ ቤት ሥራ የጀመረው የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ደም ገና ባልደረቀበት ሰሞን መሆኑን ማስታወስ ይገባል። በእነዚያ ዓመታት ያመጣቸው ትርጉሞች የትኞቹ ናቸው? «ኦቴሎ»፣ «ማክቤዝ»፣ «ሐምሌት»። በንጉሡ ስም በተጠራ አዳራሽ፣ ክቡራኑ በፊት ወንበር በተቀመጡበት፣ ንጉሥ በእንግድነት በሄደበት ቤት ተኝቶ ሲታረድ፣ ሌላው ወንድሙን በመርዝ ገድሎ ዘውዱን ሲወርስ፣ ዙፋን በደም የያዘ ሰው እንቅልፍ ሲያጣ በጠራ አማርኛ ተነገረ። ተመልካቹ የባዕድ አገር ታሪክ ነው እንዳይል ቋንቋው የራሱ ነበር፤ ሳንሱሩ የአገር ውስጥ ፖለቲካ ነው እንዳይል ጸሐፊው ሼክስፒር ነበር። ይህን ስል ጸጋዬ የተረጎመው ለተንኮል ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሼክስፒርን ከልቡ ይወደው እንደነበር እያንዳንዱ ስንኝ ይመሰክራል። ግን የትኛው ሥራ፣ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው አዳራሽ እንደሚታይ መምረጥ ራሱ ንግግር ነው፤ እሱም ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

ለዚህም የሚሆን አማርኛ መፍጠር ነበረበት። የተለመደው የግጥም ምጣኔ፣ ወል ቤት የሚባለው፣ በየስንኙ 12 ቀለም፣ ማለትም 12 የፊደል ድምፅ፣ ይዞ ስድስት በስድስት የሚከፈል ነው፤ ለለቅሶ፣ ለፉከራ፣ ለፍቅር ይበቃል። ጸጋዬ ስንኙን ወደ 16 ቀለም፣ ስምንት በስምንት፣ አስረዘመው፤ ዛሬ ባለሙያዎች «የጸጋዬ ቤት» የሚሉት ይህን ነው። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ በተዋናይ አፍ ላይ ግን ትልቅ ነው። ረዘም ያለው ስንኝ ሰውየው ሐሳቡን ጀምሮ፣ መንገድ ላይ ተጠራጥሮ፣ ዞር ብሎ ራሱን ተቃውሞ እንዲጨርስ ትንፋሽ ይሰጠዋል። ሙግት በአጭር ስንኝ አይሆንም። ከወጋየሁ ንጋቱ ዘመን ጀምሮ ያሉት ታላላቅ ተዋንያን በጸጋዬ ቃል የታወሱትም፣ ይመስለኛል፣ ቃሉ እያሰበ የሚናገር ሰው ስለሚፈጥርላቸው ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሣ ቅሬታ አለ፤ ቋንቋው ከባድ ነው ይባላል። እውነት ነው፣ ከባድ ነው። ከግእዝ፣ ከኦሮምኛ፣ ከገጠር አማርኛ የሰበሰባቸው ቃላት፣ እርስ በርስ ያጣመራቸው ሐረጎች፣ ተማሪውን መዝገበ ቃላት ያስይዛሉ። ለተራው ሕዝብ የቆመ ጸሐፊ ተራው ሕዝብ በማይገባው ቋንቋ ለምን ይጽፋል የሚል ጥያቄ አግባብ አለው። ነገር ግን ጥያቄው አንድ ነገር አስቀድሞ ይወስናል፤ ድሃ ሰው ቀላል ቃል ብቻ ነው የሚገባው ብሎ። ቅኔ ሲዘረፍ ቆሞ የሚሰማ፣ በለቅሶ ቤት የአልቃሿን እንጉርጉሮ ተቀብሎ ትርጓሜውን የሚያወርድ፣ በሽምግልና ላይ ነገርን በምሳሌ የሚያስር ሕዝብ ነው። አክስቴ የግጥሙን ቃላት በሙሉ አውቃቸዋለች ብዬ አላምንም፤ የቱ ጋ ልብ እንደሚሰበር ግን ከእኔ ቀድማ አውቃለች። ጸጋዬ ሕዝቡን ያከበረው ለእሱ ሲል ቃሉን ዝቅ ባለማድረጉ ነው ብዬ እከራከራለሁ።

ይህ ክብር ከሁሉ በላይ የሚታየው በነገሥታቱ ላይ ሳይሆን በከተማ ተውኔቶቹ ነው። «የሾህ አክሊል» በ1952፣ «የከርሞ ሰው» በ1958 ዓ.ም. የታወቁ ሥራዎቹ ናቸው። ከእሱ በፊት በትልቁ መድረክ የግጥም ቋንቋ የሚሰጠው ለንጉሥ፣ ለጻድቅ ወይም ምግባርን ለሚወክል ምሳሌያዊ ሰው ነበር፤ ተራው ሰው ሲመጣ ለማሳቅ ይመጣ ነበር። በጸጋዬ ከተማ ውስጥ ግን ከገጠር የመጣው፣ ተምሮ ግራ የተጋባው፣ ያለፈው ኑሮ ያለቀበትና የሚመጣው ያልጨበጠለት ሰው የጀግና ያህል ክብደት ያለው ቃል ያገኛል። በዚያው ዘመን መንግሥቱ ለማም «ጠልፎ በኪሴ»ን እና «ያላቻ ጋብቻ»ን ጽፎ የተማረውን ወጣት ከአሮጌው ወግ ጋር አፋጥጧል፤ መንግሥቱ የሚያስቅ፣ በንግግር ወዝ የሚመታ፣ ለመድረክ በጣም የተስማማ ጸሐፊ ነው። ሁለቱን ሳነጻጽር፣ መንግሥቱ የኅብረተሰቡን ጉድለት ያሳየናል፤ ጸጋዬ ደግሞ ያ ጉድለት በአንድ ሰው ደረት ውስጥ የሚያነሣውን እሳት። ጸጋዬ 30 ዓመት ሳይሞላው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማትን በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሲቀበል፣ የሸለመው ቤተ መንግሥት ስለዚያ እሳት ምን ያህል እንደገባው እንጃ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በለውጡ ሰሞን «ሀሁ በስድስት ወር» ታየ፤ ቀጥሎም «እናት ዓለም ጠኑ»፣ «አቡጊዳ ቀይሶ»፣ «መልእክተ ወዛደር»። እዚህ ላይ ግልጽ ፍርዴን ልናገር፤ ከእነዚህ መካከል ዘመኑ አጥብቆ የያዛቸው፣ የሰልፉ መፈክር ከሰውየው ድምፅ በላይ የሚሰማባቸው አሉ፤ «መልእክተ ወዛደር»ን ሳነብ ጸጋዬን በየገጹ መፈለግ አለብኝ። «እናት ዓለም ጠኑ» ግን ሌላ ነው። መነሻው የጀርመናዊው የቤርቶልት ብሬሽት ተውኔት ሲሆን፣ በጦርነት መካከል እየነገደች ልጆቿን ለማኖር የምትታገልና በዚያው ጦርነት ልጆቿን የምታጣ እናት ታሪክ ነው። አገሪቱ ወደ ረጅም ደም መፋሰስ በምትገባበት ዋዜማ ይህን ታሪክ ወደ አማርኛ ማምጣት ትንቢት አይደለም፤ የገበያውን ሴት ቀርቦ ያየ፣ ጦርነት መጀመሪያ የሚበላው ማንን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ሥራ ነው።

ወታደራዊው መንግሥት ጸጋዬን ለአጭር ጊዜ በባህል ሚኒስቴር በምክትል ሚኒስትርነት ሾሞታል፤ አስሮታልም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል እንዲቋቋም ከደከሙት አንዱ ነው፤ ዛሬ በየቴአትር ቤቱና በየፊልሙ የምናያቸው ብዙ ባለሙያዎች ከዚያ ክፍል የወጡ ናቸው። ሹመትና እስር በአንድ ሰው ላይ፣ በአንድ መንግሥት፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መፈራረቃቸው በአገራችን የተለመደ ነው። እኔን የሚገርመኝ ከሁለቱም በኋላ ወደ ጽሑፉ መመለሱ ነው። መንግሥት ሲለወጥ፣ ደርግ ወድቆ ኢሕአዴግ ሲገባ፣ «ሀሁ ወይም ፐፑ»ን ይዞ ቀረበ። ከ1966ቱ ለውጥ እስከ 1983ቱ ለውጥ ማግስት ሦስት ተውኔቶቹን በፊደል ገበታ መሰየሙን ሳስብ፣ በየለውጡ ሁሉ አገሪቱን እንደገና ከመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚያያት መምህር ይታየኛል። ሦስት ሥርዓት አለፈ፤ ለሦስቱም ያቀረበው ያንኑ ጥያቄ ነበር፦ ዋጋውን የሚከፍለው ማነው?

በእንግሊዝኛ የጻፋቸውን መርሳት አይገባም፤ በተለይ በ1965 እ.ኤ.አ. በኦክስፎርድ የታተመውን «ኦዳ ኦክ ኦራክል»ን። በኦዳ ዛፍ ሥር የሚነገረው የአባቶች ትእዛዝ፣ ለመሥዋዕት የሚጠየቀው የበኩር ልጅ፣ በወግና በፍቅር መካከል የሚቀደዱት ወጣቶች፤ እነዚህ ሁሉ ጸጋዬ ባደገበት ዓለም ጥላ ሥር ያሉ ናቸው። የኢትዮጵያን ታሪክ ከአንድ ወገን ብቻ ሊያነብ ያልቻለው በእናቱም በአባቱም ቤት ስላደረ ይመስለኛል። ዛሬ አንዳንዱ የእኛ ነው፣ አንዳንዱ የእኛ አይደለም እያለ ሊከፋፍለው ሲሞክር ስሰማ አዝናለሁ፤ ሥራው ውስጥ እንዲህ ያለ ድንበር የሚያርፍበት መስመር የለም።

ከቸርችል ጎዳና ትንሽ ፈቀቅ ብሎ፣ ወደ ሜክሲኮ አደባባይ ወገን፣ የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት አለ። በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው ሕንፃ የቆመው ቀድሞ «ዓለም በቃኝ» ይባል በነበረው ወኅኒ ቤት ቦታ ላይ ነው፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስድሳው ሹማምንት ያለ ፍርድ የተረሸኑት በዚያ ነው። በዚያው ቦታ ላይ መሪዎች ተሰብስበው የሚቆሙለት የኅብረቱ መዝሙር ግጥም የጸጋዬ ነው፤ ዜማው ደግሞ የኬንያዊው አርተር ኬሞሊ። መሪዎቹ ሲዘምሩ በእግራቸው ሥር ምን እንደነበረ ስንቱ ያውቅ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ጸጋዬ ራሱ ሕንፃውን አላየውም፤ የኩላሊት ሕመም ይዞት ለሕክምና በኖረባት ኒው ዮርክ በየካቲት 1998 ዓ.ም. ዐረፈ፣ አስከሬኑም መጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

አሁን የምፈልገው ነገር አለኝ፤ በግልጽ ልጻፈው። ጸጋዬን በየመታሰቢያው ቀን ግጥሙን በማንበብና ሎሬት እያልን በመጥራት ብቻ ወደ ሐውልትነት እየለወጥነው ነው፤ እሱ ከሐውልት ያወረዳቸውን ሰዎች ታሪክ ጽፎ ራሱን ሐውልት ማድረግ ደግሞ ግፍ ይሆናል። ታሪካዊ ተውኔቶቹ በአንድ ቅጽ ታትመው ሊነበቡ ይችላሉ፤ ቴአትር ግን በመነበብ ብቻ አይኖርም። ብሔራዊ ቴአትርና ፒያሳ ያለው ሀገር ፍቅር ተነጋግረው በአንድ ወቅት አራቱን ተከታትለው ቢያሳዩ፣ ወጣት ተዋንያንም ያን የ16 ቀለም ስንኝ ሳያዜሙት፣ ሳይፎክሩበት፣ እንደሚያስብ ሰው እንዲናገሩት በሚያስተምር አዘጋጅ እጅ ወራት ቢሠሩ እላለሁ። ከአራቱም በፊት ግን «የከርሞ ሰው» ቢቀድም እመርጣለሁ። የፒያሳ ሰፈሮች በ2016 ዓ.ም. ሲፈርሱ እዚያ ተወልዶ ያረጀ ሰው ዕቃውን ጭኖ ወደማያውቀው ዳርቻ ሄዷል፤ ልጁ ደግሞ መሀል ከተማ ለሥራ እየተመላለሰ ከማያውቀው ኑሮ ጋር ይታገላል። አባትና ልጅ ማታ ሲገናኙ ምን ይባባላሉ? ጸጋዬ ከ50 ዓመት በላይ አስቀድሞ ይህን ንግግር መጻፍ ጀምሮ ነበር፤ መድረኩ ባለበት አለ፣ ተዋናዩም አለ፣ እነዚያ አባትና ልጅም ቲኬት ቆርጠው ለመግባት ከዳርቻ አውቶቡስ ተሳፍረው ይመጣሉ ብዬ አምናለሁ።